ስለ ጋምቤላ ፖሊሶች ኑሮና ስለ አቤቱታቸው መንገድ

አገር የሚጸናው በሕግ ነው፤ ሕግም የሚጸናው በጠባቂው ነው። ገበሬው እርሻውን፤ ነጋዴው ንግዱን፤ ካህኑ ቅዳሴውን፤ ተማሪው ትምህርቱን ያለ ሥጋት ሊፈጽም የሚችለው ሌሊት ሳይተኛ የሚያድር፤ ቀን በፀሐይ የሚቆም ጸጥታ አስከባሪ ስላለ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ስለ ፖሊስ ሥራ ብዙ ሲነገር፤ ስለ ፖሊስ ኑሮ የሚነገረው ጥቂት ነው። ሥራውን ባጓደለ ጊዜ ከሳሹ ብዙ ነው፤ ደመወዙ የዘገየበት፤ የሚያድርበት ቤት ያጣ፤ ወይም በሥራ ላይ የቆሰለ እንደ ሆነ ግን ነገሩን ለማን እንደሚያቀርብና በማን አፍ እንደሚናገር የሚጠይቅለት ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ችግር የፖሊሶች ማኅበር የሚባለውን ድርጅት አስገኝቷል። ማኅበሩ ስለ አባሎቹ ደመወዝ፤ ስለ ሥራ ሰዓታቸው፤ ስለ ሕክምናቸውና ስለ ጡረታቸው ከአለቆች ጋራ ይነጋገራል፤ አባሉ ተከሶ በቀረበም ጊዜ ያለ ሥርዓት እንዳይቀጣ ከጎኑ ይቆማል። በኢትዮጵያ ግን ፖሊስ በሠራተኛ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ማኅበር ሊያቋቁም አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ማኅበር መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ማኅበር የተከለከለ ሰው አቤቱታውን በየት በኩል ሊያሰማ ይገባዋል የሚለውን ነው። ለምርመራችንም የጋምቤላን ክልል መርጠናል፤ ይኸውም የፖሊስ ሥራ እጅግ የሚከብድበት፤ የፖሊስም አቤቱታ ሳይሰማ ቢቀር ጉዳቱ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚበረታበት አገር ስለ ሆነ ነው።

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ760 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀዱ፤ ከተማይቱም በዚያ ምክንያት አደገች። ጣቢያው ሱዳን ነፃነቷን እስካገኘችበት ዘመን ድረስ በሱዳን አስተዳደር እጅ ከቆየ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። አገሩ ቆላ ነው፤ በበጋ ሙቀቱ ይበረታል፤ በክረምት ባሮ፤ ጊሎ፤ አኮቦና አልዌሮ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት መንገዱ ይቋረጣል፤ ወባም ከዓመት እስከ ዓመት አይጠፋም። በዚህ ምድር አኝዋ፤ ኑዌር፤ መዠንግር፤ ኦፖና ኮሞ ይኖራሉ፤ ከደጋው አገር የመጡም ብዙ ወገኖች አብረዋቸው ይኖራሉ።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ያህል ነበር። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በፑኝዶ፤ በጀዊ፤ በቴርኪዲ፤ በኩሌና በሌሎችም መጠለያዎች የሰፈሩት ስደተኞች ግን ከ300 ሺህ በልጠዋል። አንድ አገር በቆጠራ ከተገኘው ሕዝቡ ጋራ የሚተካከል እንግዳ ሲቀበል፤ ምግቡን የሚያቀርቡ የዓለም ድርጅቶች ይኖራሉ፤ ጸጥታው ግን የሚወድቀው በአገሩ ጠባቂ ትከሻ ላይ ነው።

የሥራው ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ የቅርብ ዘመን ታሪክ ይመሰክራል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ብዙ አኝዋዎች የተገደሉበት ጥፋት ደረሰ፤ የዚያም ቁስል ገና አልሻረም። በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር በአኝዋና በኑዌር መካከል ጠብ ተነሥቶ የመንግሥት መሣሪያ ወደ ያዙት ሰዎች ሳይቀር ገባ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን በጂካዎና በላሬ ወረዳዎች ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገድለው ከ100 የሚበልጡ ሕፃናትን ከብዙ ከብት ጋራ ነድተው ሄዱ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ታጣቂዎች በጋምቤላ ከተማ ላይ አደጋ ጥለው በከተማው ውስጥ ውጊያ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል ፖሊስ አለ፤ ከሞተውም ወገን ሆነ ከተወቀሰው ወገን አይታጣም።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፤ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ነገሩን ከሥሩ እንየው። በዚያ አገር የሰው ልጅ የመጨረሻ መጠጊያው ወገኑ ነው። በኑዌር ዘንድ ሰው የገደለ እንደ ሆነ የደም ካሣው በከብት ይከፈላል፤ ከብቱን የሚያዋጣውም ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ዘመዱ ነው። ካሣው ካልተከፈለ ደሙ ከዘመዶቹ ይፈለጋል። እንግዲህ የደንብ ልብስ የለበሰ አንድ የዚያ አገር ሰው ወንበዴ ሲያሳድድ ተኩሶ ሰው ቢሞት ደሙ የማን ነው? መንግሥት ነገሩን በሕግ መርምሮ፤ በሕግ ከፈጸመው ኃላፊነቱን ተቀብሎ ቤተሰቡን ካልጠበቀለት፤ ዕዳው ተመልሶ በአባቱ በረት ላይ ይወድቃል። ዘመዶቹ ከብታቸውን የከፈሉለት ሰው ደግሞ የዘመዶቹ ነው እንጂ የመንግሥት አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ጠብ ሲነሣ ጠመንጃውን ወደ ማን እንደሚያዞር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ይህ ስለ ደም ብቻ የተነገረ አይደለም። በወባ የታመመ ፖሊስ መድኃኒቱን የሚገዛለት ወንድሙ ከሆነ፤ የሞተውን ፖሊስ ሬሳ ወደ መንደሩ የሚያደርሰው አጎቱ ከሆነ፤ የመበለቲቱን ጉዳይ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞርላት የጎሳዋ ሹም ከሆነ፤ የዚያ ፖሊስ መንግሥት ወገኑ ነው። ስለዚህ በጋምቤላ የፖሊስን ኑሮ መጠበቅ የምጽዋት ነገር አይደለም፤ ጠመንጃው የሕግ ሆኖ እንዲቀር የሚያደርገው ዋናው ማሠሪያ እርሱ ነው። አኝዋውና ኑዌሩ፤ መዠንግሩና ደገኛው በአንድ ጣቢያ ሲያድሩ፤ የሁሉም ችግር በአንድ መዝገብ ተጽፎ በአንድ ሚዛን ሲመለስ፤ ያን ጊዜ ባልንጀርነት ከጎሳ ይልቅ ሊበረታ ይችላል።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለፋብሪካና ለአገልግሎት ሠራተኞች፤ ለገበሬዎች፤ እንዲሁም የሥራቸው ጠባይ ለሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ለሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ሰጥቷል። ስለ አሠሪና ሠራተኛ በ1985፤ በ1996ና በ2011 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ግን ሦስቱም የፖሊስ አባሎችን፤ ወታደሮችን፤ ዳኞችንና ዐቃብያነ ሕግን በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ ናቸው ብለው ከክልላቸው ውጭ አድርገዋል። ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. የተቀበለቻቸው ሁለቱ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች፤ ማለት ቁጥር 87ና ቁጥር 98፤ የፖሊስና የወታደር ነገር በየአገሩ ሕግ እንዲወሰን ትተውታል። እንግዲህ ክልከላው ከዓለም ሥርዓት የወጣ አይደለም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሸማኔ ፋብሪካ ሠራተኛ ሥራውን ቢያቆም ጨርቅ ይጠፋል፤ ፖሊስ ሥራውን ቢያቆም ግን ሰው ይጠፋል። መሣሪያ የያዘ ሰው በማኅበር ተሰብስቦ ካልሰጣችሁኝ አልሠራም ያለ እንደ ሆነ፤ ልመናው ማስፈራሪያ ይመስላል። ስለዚህ ሥራ የማቆምን መብት መከልከል ተገቢ ነው። ነገር ግን መናገርን ከከለከለ የመስማት ዕዳ ይከተለዋል፤ የሰውን አፍ የዘጋ መንግሥት ጆሮውን በእጥፍ ሊከፍት ግዴታ አለበት። ይህን ዕዳ ያልከፈለ ምን እንደ ደረሰበት የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውኃ አመፁ። የእነርሱ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይጠጡ ተከልክለው ነበር። ነገሩን ያዩ ዘንድ የተላኩት ጄኔራል ደረሰ ዱባለ በወታደሮቹ እጅ ተይዘው የእነርሱን ምግብ እንዲበሉና የእነርሱን ውኃ እንዲጠጡ ተገደዱ። በአምስት ወር ውስጥ እሳቱ ከሰፈር ወደ ሰፈር ተዛመተ፤ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየክፍሉ የተላኩ ተወካዮች የጦር ኃይሎች፤ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ ተብለው ቆሙ። የፖሊስ ስም በዚያ ውስጥ እንዳለ ልብ ይሏል። ሊቃውንት የለውጡን ምክንያት ብዙ አድርገው ይቈጥሩታል፤ እኛም አንክድም። ሆኖም ስለ አንድ የውኃ ጉድጓድ በጊዜው መልስ የሚሰጥ ሕጋዊ ጆሮ ቢኖር ኖሮ ያ ክብሪት በዚያ ቀን ባልተጫረ ነበር።

በእኛም ዘመን መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ200 የሚበልጡ ወታደሮች መሣሪያቸውን እንደ ያዙ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ ሊያነጋግሩ ጠየቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተቀብለው ካነጋገሯቸው በኋላ ነገሩ ለጊዜው በሰላም ተፈጸመ፤ ኋላ ግን ከሥርዓት የወጣ ተግባር ነው ተብሎ በወታደር ፍርድ ቤት የተቀጡ አሉ። ቅጣቱ ተገቢ ነው የሚለውም ሰው ቢሆን አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ እነዚህ ሰዎች ወደ ቤተ መንግሥት በር ከመድረሳቸው በፊት ሊያንኳኩት የሚችሉት ሌላ በር ነበረን?

የውጭ አገርም ታሪክ ከዚህ ጋራ ይስማማል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. የለንደን ፖሊሶች በጦርነቱ ዘመን የኑሮ ውድነት ተጨንቀው ሥራ አቆሙ፤ መንግሥቱም ደንግጦ ደመወዝ ጨመረ። በሚከተለው ዓመት ዳግመኛ ሥራ ያቆሙት ከ2 ሺህ የሚበልጡ ፖሊሶች ግን አንድ ሳይቀር ተባረሩ። የእንግሊዝ ምክር ቤት ግን በማባረር ብቻ አላቆመም። በ1919 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ፖሊስ በሠራተኛ ማኅበር እንዳይገባ ከለከለ፤ በዚያው ሕግ ደግሞ የፖሊስ ፌዴሬሽን የሚባል፤ ተራ ፖሊሶች፤ ሳጅኖችና ኢንስፔክተሮች በየማዕረጋቸው ተወካይ የሚመርጡበት ጉባኤ አቋቋመ። ጉባኤው ሥራ ማቆም አይችልም፤ ስለ ኑሮና ስለ ሥራ ሁኔታ መናገር ግን መብቱ ነው። አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ከፈተ፤ ያም ፌዴሬሽን እስከ ዛሬ አለ።

በዚያው በ1919 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ከ1,544 ፖሊሶች 1,117 ሥራ አቆሙ። ከተማይቱ ለዘራፊ ተጋለጠች፤ ሰውም ሞተ። ሥራ ያቆሙት ሁሉ ተባርረው አንዳቸውም አልተመለሱም፤ በቦታቸው ለተቀጠሩት አዲሶች ግን ከፍ ያለ ደመወዝና የደንብ ልብስ ተሰጣቸው። አስተዋይ ሰው ይህን ሲያይ ያዝናል፤ ከተማይቱ ለቀድሞዎቹ የነፈገችውን ለአዲሶቹ ከፈለች፤ የከፈለችው ግን ከተዘረፈች በኋላ ነው። በደቡብ አፍሪቃ ደግሞ በ1989 ዓ.ም. የፖሊሶችና የወኅኒ ጠባቂዎች ማኅበር ተመሥርቶ ዛሬ በሕግ ታውቆ ይኖራል፤ ሥራ ማቆም ተከልክሏል፤ ያልተስማሙበት ነገር ግን ወደ ገላጋይ ዳኛ ይቀርባል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ለአፍሪቃ የማይሆን ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ዳሩ ግን የዚህን መንገድ ጉድለት ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። በአሜሪካ አንዳንድ የፖሊስ ማኅበሮች ኃይላቸው በበረታ ጊዜ ለአባሎቻቸው ኑሮ መቆማቸውን አልፈው የበደለኛ ጋሻ ሆነዋል ተብለው ይወቀሳሉ። የሜሪላንድ ግዛት በ1974 ዓ.ም. ለተከሰሱ ፖሊሶች ልዩ የምርመራ ሥርዓት የሚሰጥ ሕግ ከሌሎች ግዛቶች ቀድሞ አወጣ፤ ሕጉ በደልን ለመቅጣት እንቅፋት ሆነ ተብሎ በ2021 ዓ.ም. ተሻረ። ወደ ራሳችን ስንመለስ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ስለ ሆነው ነገር ባወጣው ዘገባ የክልሉ ጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ሰላማውያን ሰዎችን መግደላቸውን ገልጿል። ይህን የመሰለ ነገር በማናቸውም ማኅበር ስም ሊሸፈን አይገባም። ለፖሊስ መብት የሚናገር ሰው በፖሊስ እጅ ስለ ሞተው ሰው መብት ዝም ካለ ንግግሩ ከንቱ ነው።

ሁለቱ ነገሮች ግን የሚጣሉ አይደሉም። በሥርዓት የሚከፈለው፤ በሥርዓት የሚሰማ፤ ሲከሰስም በሥርዓት የሚዳኝ ፖሊስ ሌላውን ሰው በሥርዓት መያዝን ይማራል። በአለቃው ዘንድ ያለ ፍርድ የሚቀጣ ግን ያየውን ፍርድ በገበያ በሕዝቡ ላይ ይደግመዋል። ሊቃውንት እንደሚያስታውሱት፤ ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፤ በሰው ላይ ግፍ እንዳይሠሩና ባላቸው ደመወዝ እንዲረኩ መክሯቸዋል። ካህናት ይህን ምክር ለጭፍራው ሲያስተምሩ፤ ደመወዙ በጊዜው ይደርስና ለእንጀራው ይበቃ ዘንድ ለሹሙም ማሳሰብ ይገባቸዋል፤ ባልደረሰው ደመወዝ ርካ ቢባል በምን ይረካል?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ለክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ የማቋቋምና የማስተዳደር ሥልጣን ስለ ሰጠ፤ የጋምቤላ ክልል ምክር ቤት የአገሩን ሕግ ሳይጥስ በራሱ ፖሊስ ውስጥ የአባሎች የኑሮ ጉባኤ ሊያቋቁም የሚችል ይመስለናል። ጉባኤው የሠራተኛ ማኅበር አይደለም፤ ሥራ አያቆምም፤ በፖለቲካ አይገባም። ተወካዮቹ በየማዕረጉ በምሥጢር ድምፅ ይመረጡ፤ ከአኝዋ፤ ከኑዌርና ከመዠንግር ዞኖች፤ ከኢታንግም ልዩ ወረዳ ይውጡ፤ ነገር ግን የጣቢያቸው ተወካይ እንጂ የጎሳቸው ጠበቃ እንዳይሆኑ በደንቡ ይጻፍ። ስለ ደመወዝ፤ ስለ መኖሪያ፤ ስለ ሕክምና፤ ስለ ዝውውርና ስለ ቅጣት የሚቀርበውን አቤቱታ ተቀብለው ለኮሚሽኑ ያቅርቡ፤ ኮሚሽኑም በተቈረጠ ቀን በጽሑፍ ይመልስ፤ ካልመለሰ ነገሩ ለክልሉ ምክር ቤት ይድረስ። ተወካይ ስለ ተናገረ ብቻ ወደ ሩቅ ጣቢያ እንዳይጣል ይጠበቅ። የተከሰሰ ፖሊስም ክሱን እንዲያውቅና መልስ እንዲሰጥ ይርዱት፤ በወንጀል የተፈረደበትን ግን አይከላከሉለት።

ሁለተኛው ነገር የሞቱና የቆሰሉ ፖሊሶች ቤተሰቦች ነው። በዚህ መንግሥት አልዘነጋም፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛው 11 በመቶ ሲያዋጣ ለወታደርና ለፖሊስ 25 በመቶ እንዲያዋጣ አድርጎ ነበር፤ ያም አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። ይሁን እንጂ በአዋጅ የተጻፈ መብት ራሱ እግር አውጥቶ ወደ አኮቦ አይሄድም። ባሏ የሞተባት፤ አማርኛ የማታነብ፤ በክረምት ውኃ የተከበበች ሴት የጋብቻና የልደት ማስረጃ አሟልታ፤ ቅጽ ሞልታ ጡረታዋን እስክታገኝ ድረስ አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋታል። የኑሮ ጉባኤው አንዱ ሥራ ይህ ይሁን። ከዚህም ጋራ ፖሊሶቹ በዕድር ሥርዓት ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፤ መንግሥትም እያገዘ፤ ለቀብርና ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን ገንዘብ ቢኖራቸው መልካም ነው። ዕድር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለምና ከውጭ አገር የመጣ ነው ተብሎ የሚጠረጠር አይሆንም።

ሦስተኛው ነገር አንድነት ነው። በ2015 ዓ.ም. የክልሎች ልዩ ኃይሎች ፈርሰው አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፤ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መንግሥት ወስኗል። ከሁለት ቤት የመጡ ሰዎች በአንድ ቤት ሲኖሩ አንዱ ከሌላው ተበለጥሁ ማለቱ አይቀርም። ማዕረጉና ጥቅሙ በግልጽ ደንብ ካልተመዘነ ሐሜቱ የጎሳን መልክ ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም። የሁሉም ወኪል የተቀመጠበት ጉባኤ ቢኖር ግን ሐሜቱ ሳይሰፋ አቤቱታ ይሆናል፤ አቤቱታም መልስ ያገኛል።

አገሩ ሩቅ፤ ገንዘቡም ጥቂት ስለ ሆነ ይህ ሁሉ አይቻልም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ቤት ለመሥራትና ሐኪም ለማኖር ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን አቤቱታን መመዝገብ፤ በቀኑ መመለስ፤ ለሁሉ በአንድ ሚዛን መፍረድ፤ ዝውውርን ያለ አድልዎ ማድረግ ወርቅ አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስመርረው ማጣቱ ሳይሆን ማጣቱን የሚያውቅለት ማጣቱ ነው። የለም የሚል መልስ እንኳ በጊዜውና በምክንያቱ ቢነገር፤ ከዝምታ ይልቅ ልብን ያሳርፋል።

የጋምቤላ ሹማምንት፤ የፌዴራልም ባለሥልጣኖች ይህን ነገር በጸጥታው ወራት ያስቡበት ዘንድ እናሳስባለን። እሳት ከተነሣ በኋላ የሚቆፈር ጉድጓድ ለሚቀጥለው እሳት እንጂ ለዚያኛው አይደርስም። ካህናትና የአገር ሽማግሌዎችም በየበኩላቸው ፖሊሱን ግፍ እንዳይሠራ ሲገሥጹ፤ አለቃውንም የሠራተኛውን ዋጋ እንዳያጓድል ይገሥጹ። በባሮ ዳር በሌሊት ብቻውን የሚቆመው ጠባቂ የቆመው ለሁላችን መሆኑን እናውቃለን፤ እርሱም ከኋላው ሕግና መንግሥት መቆማቸውን የሚያውቅበትን ሥርዓት ማቆም የእኛ ፈንታ ነው።